ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ቤቱ የእህቴ ነው

ስልካችሁን አውጡና የኢሞ ወይም የዋትስአፕ ዝርዝራችሁን እዩ። ከኩዌት፣ ከቤሩት፣ ከሪያድ ወይም ከሜሪላንድ የምትደውል እህት፣ አክስት ወይም የአጎት ልጅ የሌለችው ሰው በእኛ ዕድሜ ብዙ አይገኝም። ከእነሱ መካከል ደግሞ ቀላል የማይባሉት እዚህ አገር ቤት አላቸው። አንዷ ኮንዶሚኒየም፣ ሌላዋ ኮምቦልቻ ወይም አዳማ ላይ ያሠራችው ቤት፣ ሌላዋ ወላጆቿ ግቢ ውስጥ ያስጨመረቻቸው ሁለት ክፍሎች። ቤቱ ተከራይቷል። ባለቤቷ ሩቅ ናት። ቁልፉ ያለው እኛ ጋ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ሁሌም ምክሩ ለባለቤቶቹ ነው፤ «ዘመድ አትመኑ»፣ «ውክልና ስትሰጡ ተጠንቀቁ» ይባላል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ቁልፉን ለያዝነው ነው። የምጽፈውም በጉዳዩ ንጹሕ ሆኜ አይደለም።

እህቴን «እትዬ» ነው የምላት። በ1997 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት ከተመዘገቡት አንዷ ናት። ከዓመታት በኋላ ዕጣው ሲወጣላት ደስታውና ዕዳው አብረው መጡ። 20/80 ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሃያውን በመቶ አንተ ትከፍላለህ፣ ሰማንያው የባንክ ብድር ሆኖ ለዓመታት በየወሩ ትመልሳለህ። የምትረከበው ቤት ደግሞ ገና ብዙ ይቀረዋል። ወለል፣ ቀለም፣ የወጥ ቤት ዕቃ፣ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ፣ ሁሉም የራስህ ጉዳይ ነው። በጊዜው የነበራት ደመወዝ ይህን ሁሉ አይችልም። ኩዌት ሄደች። ያ ባለ አንድ መኝታ ቤት ሴራሚክ በሴራሚክ የተጠናቀቀው የሰው ወለል እየወለወለች ባገኘችው ገንዘብ ነው።

ለዕረፍት መጥታ ልትመለስ ስትል ውክልና ሰጠችኝ። ደላላ ተከራይ አመጣ። አዲስ ባልና ሚስት ናቸው፤ እሱ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ተቀጣሪ፣ እሷ ነፍሰ ጡር። በወር 7,000 ብር ተስማማን። «ለአንተ ይቀልሃል» ተባለና ኪራዩ በእኔ ሒሳብ እንዲገባ ሆነ። ከዚያ ላይ የባንኩን ወርኃዊ ክፍያ እከፍላለሁ፣ የተረፈውን ለእትዬ አስቀምጣለሁ። ስምምነታችን ይኸው ነበር። ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር የለም። ወንድምና እህት ምን ወረቀት ያስፈልጋቸዋል?

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደህና ነበር። ከስድስተኛው ወር ጀምሮ የስልኬ ስክሪን ተሰበረ፣ የጓደኛ ሠርግ መጣ፤ «በሚቀጥለው ወር እተካዋለሁ» እያልኩ ከተቀማጩ መቆንጠር ጀመርኩ። እውነቱን ልናገርና የቤቲንግ ቲኬትም ነበረበት። ጉድጓዱ ሲሰፋ በቤቲንግ ልሞላው አሰብኩ። በቤቲንግ ጉድጓድ የሞላ ሰው የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ከዚያ ውሸቱ መጣ። አንድ ቀን እትዬ የባንኩ ክፍያ ለምን እንደዘገየ ጠየቀችኝ። «ተከራዮቹ ዘገዩ» አልኳት። ተከራዮቹ አንድም ቀን ዘግይተው አያውቁም። «ምናልባት ቸግሯቸው ይሆናል፣ ታገሣቸው» አለችኝና የባንኩን ከዚያው ላከች። በሚቀጥለው ወርም ያንኑ ደገምኩ። በሦስተኛው ወር ረመዳን ነበር። በረመዳን የሰው ቤት ሠራተኛ ምን ያህል እንደምትቆም እዚያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። እስከ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቆማ ውላ አድራ ደወለችልኝ። «እኔ እዚህ ቆሜ እየከፈልኩ እነሱ በነፃ አይኖሩም። አስወጣቸው» አለችኝ።

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። ሄጄ «በአንድ ወር ውስጥ ልቀቁ» አልኳቸው። ሚስትየዋ የሁለት ወር ሕፃን ታቅፋለች። ባልየው በሩ ላይ ቆሞ «ምን አጠፋን?» አለኝ። ባለቤቷን ማናገር እንደሚፈልግ ሲነግረኝ «አይቻልም» ብዬው ወጣሁ።

ግን ስልክ ቁጥር ምን ይገዳል። እዚያው ብሎክ ላይ የእትዬ የድሮ ጓደኛ አለች። ከእሷ ተቀበለና በየወሩ ወደ እኔ ሒሳብ ያስገባባቸውን ደረሰኞች ስክሪንሾት እያደረገ ላከላት። ከሥሩ የጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «እህቴ፣ ምን እንዳጠፋን ንገሪን።»

በዚያው ሌሊት ደወለች። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር። «ደብተር ይዘሃል?» ብቻ አለችኝ። አልያዝኩም። ትንሽ ዝም አለችና «እኔም እኮ አልጠየቅኩህም» አለች። ከዚያ ቀጥላ «ነገ ሄደህ እነዚያን ሰዎች ይቅርታ ጠይቅ። የእኔና የአንተ ጉዳይ ቀስ ብሎ ይደርሳል» አለች።

ስንደምረው 30,400 ብር ሆነ። በአሥራ አራት ወር ከፍዬ ጨርሻለሁ። ገንዘቡ ተከፍሎ አለቀ፤ በሩ ላይ ቆሜ ለዚያ ሰው የተናገርኩት ግን አይከፈልም። ይህንን የምናዘዘው ለማልቀስ አይደለም። ይህ ታሪክ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ ምክንያቱም ክፋት ብቻ እንዳልሆነ ስለገባኝ ነው።

ሥራ ነው ወይስ ውለታ?

የሰው ቤት ከእሱ ርቆ ማስተዳደር ምን እንደሆነ እንቁጠረው። ተከራይ መፈለግ፣ ከደላላ ጋር መነታረክ፣ ውል መዋዋል፣ ውሉን ወረዳ ሄዶ ማስመዝገብ። ውኃ በፈረቃ ነው፤ ሮቶው ሲያፈስ ወይም ፓምፑ ሲቃጠል የሚደወለው ለአንተ ነው። የላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት አፍስሶ ኮርኒስ ሲያበላሽ ከላይኛው ባለቤት ጋር የምትጨቃጨቀው አንተ ነህ፤ ያም ባለቤት ብዙ ጊዜ ዱባይ ነው፣ የምትጨቃጨቀውም ከእሱ ተወካይ ጋር ነው። የብሎኩ ማኅበር መዋጮ አለ፣ የጥበቃ አለ። የጣራና ግድግዳ አለ። ሐምሌ ሲመጣ የኪራይ ገቢ ግብር አለ። ተከራይ ሲወጣ ቀለም አለ።

ይህ ሥራ ነው። ታክሲ ይፈልጋል፣ ካርድ ይፈልጋል፣ ከትምህርት ወይም ከሥራ መቅረት ይፈልጋል። በእኛ ቤት ግን ስሙ «ውለታ» ነው። ክፍያ የለውም፣ መጠየቅም ነውር ነው። ባለቤቷ ደግሞ በልቧ «በመጨረሻ አንድ ነገር አደርግለታለሁ» ትላለች፤ ልብስ፣ ጫማ፣ ወይም ስልክ ይዛ ትመጣለች። እሷ ሰጥቼዋለሁ ትላለች፣ እሱ ምንም አላገኘሁም ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ክፍያ የሌለው ሥራ ራሱን መክፈል ይጀምራል። መጀመሪያ የታክሲ፣ ቀጥሎ የምሳ፣ ቀጥሎ «ብድር»። ተወካዩ እየሰረቀ እንደሆነ አይሰማውም። የሚገባውን የወሰደ ይመስለዋል። ልኩ ስላልተነገረው ደግሞ ልኩን የሚወስነው እሱ ነው። እኔ ለራሴ የወሰንኩት ልክ የት እንዳደረሰኝ ነግሬያችኋለሁ።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። ከሩቅ ሆኖ ቤት ለሚያከራይ ሰው ትልቁ ስህተት ዘመድ መወከሉ አይደለም። ዘመዱን ያለ ክፍያና ያለ ሒሳብ መወከሉ ነው። ለተወካዩም ትልቁ ስህተት ክፍያና ሒሳብ ሳይጠይቅ ቁልፉን መቀበሉ ነው።

«ዘመድ በገንዘብ?»

አውቃለሁ፣ ይህን ስል የሚቆጣ አለ። «እህቱን ደመወዝ ክፈይኝ የሚል ወንድም ምን ወንድም ነው?» ይባላል። እናቴም መጀመሪያ እንደዚያው ብላለች። እኔ ግን ጥያቄውን ገልብጬ አየዋለሁ። ከኪራዩ አሥር በመቶ ቢሰጠው፣ ማለትም በ7,000 ብር ኪራይ 700 ብር፣ ታክሲውንና ካርዱን ይችላል። ይኼ ነው ነውሩ? ወይስ በስተመጨረሻ 30,400 ብር ጎድሎ፣ ቤተሰብ ተኳርፎ፣ ለፋሲካ አንድ ገበታ መቅረብ አቅቶ ሽማግሌ መላክ ነው ነውሩ?

ሌላው የሚቀርበው ነገር «መተማመን ካለ ሒሳብ ምን ያደርጋል» የሚል ነው። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ስለማይተማመኑ አልነበረም። በተለይ ይህንን ለሐቀኛ ተወካዮች ልንገራችሁ። ሠፈራችን ውስጥ ለአክስቱ ስምንት ዓመት ቤት ያስተዳደረ ልጅ አለ። አንድ ሳንቲም አልነካም። አክስቱ ስትመጣ «የሦስት ዓመት ኪራይ የት ገባ?» አለችው። የጣራ ጥገና፣ የፓምፕ፣ የግብር፣ ባዶ የተቀመጠባቸው ወራት፤ ሁሉንም በቃሉ ነገራት። ደረሰኝ የለውም። ሌባ ተባለ። እኔ ሰርቄ ይቅርታ አግኝቻለሁ፣ እሱ ሳይሰርቅ ስሙ ጠፋ። ደብተር ሌባውን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ ንጹሑንም ያድናል።

ሕጉ ምን ይላል?

ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል፤ አንዱ የውክልናው፣ ሌላው የኪራዩ።

ስለ ውክልና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግልጽ ነው። ጠቅላላ ውክልና የሚፈቅደው የአስተዳደር ሥራ ነው፤ ንብረቱን መጠበቅና ማደስ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል። ቤቱን ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ተወካይ ለወካዩ ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ወካይም በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል። በመሠረቱ ከሁለት አንዳቸው ሲሞቱም ውክልናው ያበቃል። ይህን የመጨረሻውን የማያውቁ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

በተግባር ግን ምን ይሆናል? ባለቤቷ ዕረፍት የመጣችው ለአንድ ወር ነው። ተመልሳ መቼ እንደምትመጣ አታውቅም። እዚያ ሆና ኤምባሲ ሄዳ ውክልና ልላክ ብትል ፓስፖርቷ አሠሪዋ ጋ ነው፣ ዕረፍት ቀን የላትም። ስለዚህ «አንዴ ሁሉንም ልስጥህ» ትላለች። ጽሑፍ ቤት ያለው ልጅ የተዘጋጀ ቅጽ ያወጣል፤ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ፣ ስም ለማዛወር» ይላል። ትፈርማለች። ለማከራየት የፈለገች ሴት የመሸጥ ሥልጣን ሰጥታ ተመለሰች ማለት ነው።

ቁልፍ ያዥ የሆንከው ወንድሜ፣ ያን ወረቀት ስታይ «እትዬ፣ ይኼ አያስፈልገኝም» በል። ለማከራየት፣ ኪራይ ለመቀበል፣ ውል ለማስመዝገብ፣ ግብርና መዋጮ ለመክፈል፣ ውኃና መብራትን በተመለከተ ለመፈጸም ይበቃል። መሸጥ የሚለውን እንድታስወጣ የምትጠይቅ አንተ ከሆንክ፣ ከዚያ በኋላ ማንም በአንተ ላይ ጣት አይቀስርም።

ኪራዩን በተመለከተ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በ30 ቀን ውስጥም መመዝገብ አለበት። የውሉ ጊዜ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ነው። ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው።

ስለዚህ አዋጅ አከራዮች ብዙ ያማርራሉ። ግብሩም አለ፣ ቁጥጥሩም አለ፤ የሚከራከሩበት ነጥብ የላቸውም አልልም። ሩቅ ላለ ባለቤት ግን ይህ አዋጅ ሳይታሰብ የተሰጠ ስጦታ ነው ባይ ነኝ። ውሉ ወረዳ ላይ አለ፤ ተወካዩ «7,000 ነው» ብሎ 9,000 ማከራየት ይከብደዋል። ክፍያው በባንክ ነው፤ አሻራው ይቀራል። የእኔ ጉዳይ የሆነው በ2015 ነው። ያኔ ሕፃን የታቀፈች ሴትን «በአንድ ወር ልቀቂ» ያልኳት በአፌ ብቻ ነው።

ስልኩ ይሥራ

የዚህ ገጽ አንባቢ በአብዛኛው በስልክ ነው የሚያነበው። ያው ስልክ የቤቱ ጽሕፈት ቤት መሆን ይችላል። እኔና እትዬ አሁን የምናደርገውን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ኪራዩ የሚገባው በቀጥታ በእሷ ሒሳብ ነው። ከእሷ ሒሳብ ላይ የእኔ አሥር በመቶና የቤቱ ወጪ ወደ እኔ ይላካል። ቀላል ለውጥ ይመስላል፤ ግን ሁሉን ነገር የቀየረው እሱ ነው። ገንዘቡ በእኔ እጅ አልፎ ወደ እሷ ሲሄድ የምቀንሰው እኔ ነበርኩ። አሁን በእሷ እጅ አልፎ ወደ እኔ ይመጣል። ፈተናው ራሱ ተነሣልኝ።

ሁለተኛ፣ ደብተራችን ስልክ ላይ ያለ አንድ ሠንጠረዥ ነው። ቀን፣ ምክንያት፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ሁለታችንም እናየዋለን። ከመቶ ብር በላይ የሆነ ወጪ ሁሉ የደረሰኝ ፎቶ አለው። የቧንቧ ሠራተኛ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ስለዚህ ክፍያውን በቴሌብር እልክለታለሁ፣ የመልእክቱን ስክሪንሾት አያይዛለሁ፣ የተበላሸውንና የተጠገነውን ፎቶ አነሣለሁ።

ሦስተኛ፣ ተከራይ ሲገባና ሲወጣ ርክክቡ በቪዲዮ ነው። ከበሩ ጀምሮ እያንዳንዱን ክፍል፣ እያንዳንዱን ቧንቧ ከፍቶ፣ የመስኮቱን መስታወት፣ ቆጣሪውን። ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። «ይኼ ስብራት ድሮም ነበር» የሚለው ጭቅጭቅ በሦስት ደቂቃ ያልቃል።

አራተኛ፣ ሦስታችን ያለንበት አንድ ግሩፕ አለ። እትዬ፣ እኔ፣ ተከራዩ። ይህን ሐሳብ ያመጣችው እሷ ናት፤ ከየት እንደመጣላት ታውቃላችሁ። ተከራዩ ቧንቧ ሲፈስ ፎቶውን እዚያ ይለጥፋል። እኔ ሠራተኛ እልካለሁ። እሷ ማታ ሥራ ስትጨርስ ሁሉንም ታያለች። ኩዌትና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ሜሪላንድ ላላችሁ የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት አለና ግሩፑ ይበልጥ ይጠቅማችኋል። ሰው ከእንቅልፉ ሳይቀሰቀስ ጉዳዩ ይደርሳል።

አምስተኛ፣ ወሰን አለን። እስከ 2,000 ብር ያለ ጥገና እኔ ራሴ እወስናለሁ። ከዚያ በላይ ጠይቄ ነው። ይኼ ያላደረገ ተወካይ ሁለት ዕጣ አለው፤ ወይ ለአምፖል እንኳ ኩዌት ይደውላል፣ ወይ ሳይጠይቅ ኮርኒስ ያስቀይራል።

ይህ ሁሉ የሚወስድብኝ ጊዜ በወር ግማሽ ቀን ቢሆን ነው። ውሸቱን ስይዝ ከወሰደብኝ ጊዜ ጋር አይወዳደርም።

የተረሳው ሰው

ስለ ሩቅ ባለቤትና ስለ ተወካይ ስናወራ ሦስተኛውን ሰው እንረሳለን። ተከራዩን። ባለቤቱ ሩቅ የሆነ ቤት ውስጥ መኖር ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው። ቤቱን የሚጠብቅልህ ሰው ባለቤቱ አይደለም፣ ባለቤቱ አያውቅህም። ተወካዩ ቢጠላህ ትወጣለህ። ደላላው ሌላ ከፋይ ቢያመጣ ትወጣለህ። ደላላ የሚበላው ከመግባትና ከመውጣት ነው፤ ከመቆየት አይበላም። ስለዚህ «ቤቱ ከዚህ በላይ ያወጣል» የሚል ድምፅ ሁሌም ከጆሯችን አይጠፋም።

አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁት። 500 ብር ጭማሪ ፍለጋ ጥሩ ተከራይ ብታስወጣ፣ በዓመት የምታገኘው 6,000 ብር ነው። ቤቱ አንድ ወር ብቻ ባዶ ቢቀመጥ 7,000 ብር አጣህ። በዚያ ላይ የደላላ፣ የቀለም። ሕጉን፣ ሰብአዊነቱን ሁሉ እንተወውና በሒሳብ ብቻ ብናየው እንኳ ኪሣራ ነው። በየወሩ የሚከፍል፣ ቧንቧ ሲፈስ የሚናገር፣ ቤቱን እንደራሱ የሚጠብቅ ተከራይ ለሩቅ ባለቤት ሁለተኛ ተወካይ ማለት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ?

በእኛ ቤት ይህ በቃል የተነገረ አይደለም፣ የታየ ነው። ዘንድሮ ክረምት የላይኛው ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ውኃው በእኛ ኮርኒስ ሲወርድ እኔ ከተማ ውስጥ አልነበርኩም። ሌሊት ነው። ባልየው ወጥቶ የላይኛውን ዋና ቫልቭ ዘጋ፣ የቤቱን መብራት አጠፋ፣ ዕቃችንንም የእሱንም አሸሸ። ጠዋት ግሩፑ ላይ ቪዲዮው ነበር። ከሥሩ «ተረጋጉ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ቤቱም ደህና ነው» ብሎ ጽፏል። አዎ፣ ያ በሩ ላይ «ምን አጠፋን?» ያለኝ ሰው ነው። እትዬ አላስወጣቻቸውም። ያቺ ሕፃን አሁን በደረጃው ላይ ትሮጣለች፣ ወንድም ተጨምሮላታል።

ለቁልፍ ያዦች

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። እትዬ ሩቅ ስለሆነች አጥሯን የነቀነቅኩት ጎረቤት ወይም ሌባ ሆኜ አይደለም፤ ወንድሟ ሆኜ ነው። ንቄያት ነበር ለማለት ይከብደኛል። ግን እሷ የቆመችበትን ሌሊት ሳላስብ ገንዘቧን ስቆጥር የነበረ ሰው ሌላ ምን ይባላል?

ቁልፍ የያዛችሁ፣ ዛሬ ማታ ስትደውልላችሁ ሦስት ነገር ንገሯት። «ኪራዩ በአንቺ ሒሳብ ይግባ።» «በወር ይህን ያህል ለድካሜ ቁረጪልኝ።» «ሒሳቡን በየወሩ እንየው።» ምናልባት ትደነግጣለች፣ ምናልባት «ምን ሆንክ?» ትላለች። ከተቀማጩ ላይ የነካችሁት ካለ ደግሞ አራተኛውንም ንገሯት። መጠኑ ገና ትንሽ እያለ፣ በሩ ላይ የሚቆም ሌላ ሰው ሳይመጣበት። እኔ በ500 ብር ጊዜ ብናገር ኖሮ «አይዞህ» ብላኝ ባለቀ ነበር።

እትዬ በሚቀጥለው ዓመት ጠቅልላ ትመጣለች። ቤቱ ውስጥ ልትኖር ነው ወይስ ተከራዮቹ ይቆዩ የሚለውን ገና አልወሰነችም፤ እያሰበችበት ነው። የትኛውንም ብትመርጥ ቁልፉን ሳስረክባት ሠንጠረዡን አብሬ አሳያታለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ 30,400 የሚለው ቁጥር አለ። አላጠፋሁትም።